ፓምፑ አልተበላሸም፤ አየር አልቆበት ነው

የቤት ውሃ ግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ባለ ፕሬዠር ታንክና ባለ አውቶማቲክ ስዊቹን ነው የወሰድኩት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለሱ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። ሻወሩ ይወርዳል፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ቶሎ ይሞላል፣ በቃ።

ከዚያ አመሉ ተቀየረ። እጅ ለመታጠብ ቧንቧ ሲከፈት ጠቅ ብሎ ይነሳል። ወዲያው ጠቅ ብሎ ይጠፋል። ደግሞ ይነሳል። የግፊት መለኪያው ቀስት ከ1.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ወደ 2.8 ይዘልና እዚያው ተመልሶ ይወርዳል። ሻወር ውስጥ ውሃው አንዴ ይገርፋል፣ አንዴ ይልፈሰፈሳል። ፓምፕ የሚገድለው ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ነው። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኤሌክትሪክ ሲሠራ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቶሎ ቶሎ ሲነሳ ይግላል፣ የስዊቹም መገናኛ ይቃጠላል።

ሻጭ ጋ ብሄድ የሚለኝን አውቀዋለሁ። «ስዊቹ ነው፣ ይቀየር።» ካልሆነም «ይሄ ለቤትህ አንሷል፣ ተለቅ ያለውን ውሰድ።» ኧረ ተው ወንድሜ! ስዊቹማ የታዘዘውን እየሠራ ነው። ግፊት ሲወርድ ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። ግፊቱ ለምን እንዲህ ቶሎ እንደሚወርድ ነው መጠየቅ ያለበት።

ታንኩ ውስጥ የጎማ ከረጢት አለ። ውሃው ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ በዙሪያው የታመቀ አየር አለ። ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ውሃውን የሚገፋው ያ አየር ነው፤ ፓምፑ እስከዚያ ያርፋል። አየሩ በጊዜ ብዛት ቀስ እያለ ይወጣል። ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ስለዚህ አየሩ ሲያልቅ ትንሽ ውሃ በወጣ ቁጥር ግፊቱ ዱብ ይላል።

ኤሌክትሪኩን አጠፋሁ። ቧንቧ ከፍቼ መለኪያው ዜሮ እስኪደርስ ውሃውን ለቀቅኩት። ታንኩ ጫፍ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን ሳነሳ የመኪና ጎማ ላይ ያለው ዓይነት ቫልቭ አለ። በጎማ መለኪያ ለካሁት፤ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። በጎማ መንፊያ 1.2 ባር አደረስኩት። የታንኩ አየር ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት፣ በኔው ከ1.4 ባር፣ በ0.2 ባር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ቫልቩን ጫን ስትሉት ውሃ ከወጣ ግን ጎማው ተቀዷል፤ አየር መሙላት አያድነውም፣ ጎማው ይቀየር።

መልሼ ሳበራው ጠቅጠቅታው ጠፋ። እጅ ታጥቤ ስጨርስ ፓምፑ ገና አልተነሳም!

«ግፊት ካነሰህ የስዊቹን ብሎን አጥብቀው» የሚሉም አሉ። በኔ ስዊች ላይ ትልቁ ብሎን ሲጠብቅ የሚነሳበትም የሚጠፋበትም ግፊት አብሮ ያድጋል። የታንኩ አየርም አብሮ መጨመር አለበት፤ እሱን ግን ማንም አያነሳውም። ፓምፑ ከሚችለው በላይ ካጠበቃችሁት ደግሞ የሚጠፋበት ግፊት ላይ ፈጽሞ አይደርስም። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ እያለ ሲሽከረከር ይውላል።

በግዢዬ አልቆጭም። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ገደማ ነው። ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር 0.3 ባር ቢሰጥ ነው፤ በሱ ፀጉር ታጥቦ ሳሙና አይለቅም። ያናደደኝ የሻጮቹ ዝምታ ነው። ስለ ፈረስ ጉልበቱና ስለ መዳቡ ሽቦ ሲያወሩ አይደክማቸውም፤ «በየጥቂት ወሩ አየሩን ለካው» ለማለት ግን አፋቸው አይፈታም። ልትገዙ ከሆነ ታንኩ ጎማው የሚቀየርለት መሆኑን ጠይቁ፣ የአየር ቫልቩንም እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍተው ያሳዩዋችሁ። ይሄን የማያውቅ ሻጭ ከሆነ ሌላ ጋ ሂዱ።