ኮሌስትሮልን በማንኪያና በሊትር ለምታስረዳው ሲስተር፣ ከመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች

ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ክትትል ክፍል የምትሠራ ሲስተር አለች። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አንጠራውም። እኛ በከተማው መድኃኒት ቤቶች የምንሠራ ፋርማሲስቶች ነን፤ እሷ ያማከረቻቸውን ታካሚዎች ከአነጋገራቸው እንለያቸዋለን። ሌላው ሰው «ቅባት ተው ተብያለሁ» ይላል። የእሷ ታካሚ የትኛውን ዘይት፣ በቀን ስንት ማንኪያ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ያውቃል። ልባችሁ የሚያሳስባችሁ ሁሉ ወደ እሷ ሂዱ የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

የምትጀምረው ከላቦራቶሪ ወረቀቱ ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 240፣ ጥሩው ማለትም ኤችዲኤል 40፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ስብ 200 ከሆነ፣ ትራይግሊሰራይዱን ለ5 ታካፍላለች፤ 40 ይመጣል። 240 ሲቀነስ 40፣ ሲቀነስ 40፣ መጥፎው ኤልዲኤል 160 ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ስለዚህ ለዳግም ምርመራ ትልካለች። የበዓል ማግስት ምርመራንም አትወድም። ከሥጋና ከመጠጥ በኋላ ትራይግሊሰራይድ ይወጣል፣ ሰውም በከንቱ ይደነግጣል።

ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ትገባለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «1 ሊትር ዘይት ቤታችሁ ስንት ቀን ይቆያል?» የሚል ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 5 ሰው ባለበት ቤት 1 ሊትር 1 ሳምንት ከቆየ ለአንድ ሰው በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይደርሰዋል። በ3 ቀን ካለቀ ከ4 ማንኪያ በላይ ነው፤ ይህም ብቻውን ወደ 550 ካሎሪ ይሆናል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን እንዲጽፉ ታደርጋለች። ከጀሪካን ወደ ድስት በቀጥታ ማፍሰስ ትከለክላለች፤ በማንኪያ ይሰፈራል። ሽንኩርቱ መጀመሪያ በደረቁ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ ይቁላላል፤ ዘይቱ በኋላ ሲገባ ግማሹ ይበቃል።

የዘይቱ ዓይነትም አለ። ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው፤ ይህ ስብ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የሚያነሳበትን አቅም ይቀንሳል። በሱፍና በኑግ ዘይት ውስጥ ከ20 በመቶ በታች ነው። የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ያግዛል፤ ሌሊቱን የረጋ ወይም የደፈረሰ ዘይት ፓልም እንደሆነ መጠርጠር ነው። ከደሴ ዝቅ ብሎ ያለው ኮምቦልቻ ግን ሞቅ ስለሚል ያው ዘይት ፈሳሽ ሆኖ ሊያድር ይችላል፤ የኮምቦልቻ ሰው በዓይኑ ሳይሆን በጽሑፉ ይለየው። ሳምቡሳ የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግሞ ማንደድ ደግሞ በየትኛውም ዘይት ቢሆን ጥሩ አይደለም።

ቅቤ ላይ አትዋሽም፣ አታስፈራራምም። 1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም ያህል ሳቹሬትድ ስብ አለው፤ የተነጠረው ከዚያም ይበልጣል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ጣሪያው 22 ግራም ነው፣ ስለዚህ 3 ማንኪያ ይሞላዋል። የጾም ወቅት ደግሞ ቅቤው ሲቀር ዘይቱ በእጥፍ እንዳይገባ ትጠይቃለች። ይህን ብዙ አማካሪ ይዘለዋል፤ «ጾመኛ ስለሆነ ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ከሚቀነሰው ይልቅ በሚጨመረው ላይ ረዘም አድርጋ ትናገራለች፤ በዚህም ከልብ እናመሰግናታለን። ወሎ የገብስ አገር ነው። በገብስና በአጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚያሟልጭ አሰር አለ፤ አንጀት ውስጥ የሐሞትን አሲድ ይዞ ይወጣል፣ ጉበትም ሌላ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይወስዳል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ይፈለጋል፤ ያ ወደ 70 ግራም ደረቅ አጃ ወይም የዚያኑ ያህል ገብስ ነው። የገብስ ቆሎ፣ በውሃ የተበጠበጠ በሶ፣ የአጃ አጥሚት ይሆናል። በሶው በቅቤ ከታሸ ወይም በስኳር ከጣፈጠ የታሰበው ይበላሻል። ተልባ ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ግን ተፈጭቶ፤ ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ በየቀኑ። አሰሩ በ2 ሳምንት ቀስ እየተባለ ይጨመር፣ ውሃም ይጠጣ፤ አለበለዚያ ሆድ ይነፋና ሰው በ3ኛው ቀን ይተወዋል።

የጀበና ቡና በወረቀት ስለማይጣራ ኮሌስትሮል የሚጨምር ዘይት በውስጡ ይቀራል። አቦል ይጠጣ፣ ዝቃጩ ይተው፤ ቡናን ጨርሶ ማስቀረት ግን ለሁሉም ሰው አያስፈልግም።

ስለ እግር ጉዞ ሐቁን ትናገራለች፦ መራመድ ትራይግሊሰራይድን ያወርዳል፣ ጥሩውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ የደም ግፊትንና ክብደትን ይረዳል፤ ኤልዲኤልን ግን ብቻውን ብዙ አያወርድም። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ለምሳሌ በ5 ቀን 30 ደቂቃ። ፍጥነቱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን የማይቻልበት ነው። ደሴ አቀበት ስለሆነ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ 15 ደቂቃ መውጣት ከሜዳው የበለጠ ያሠራል፤ መመለሻው ቁልቁለት ለልብ ቀላል፣ ለጉልበት ከባድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ሳይጠና በማለዳ። በአቀበት ላይ ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ጉዞው ይቁም፤ በዕረፍት ካልተወ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እኛን በሥራችን የሚያግዘን ደግሞ ይህ ነው፦ መድኃኒት አታስቋርጥም። ኤልዲኤል 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ አጋጥሞት ከሆነ ወይም ስኳር ካለበት፣ ገብስና እርምጃ አቶርቫስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት አይተኩም። ጡንቻውን ያመመው ሰው ራሱ ከማቆም ለሐኪሙ ይናገር። ለሌሎቹ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ትሰጥና ታስደግማለች፤ ለውጡን ለማየት ያነሰ ጊዜ አይበቃም።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

መሄድ የምትፈልጉ የቀድሞ ውጤታችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ፣ የዘይታችሁን ስም ጽፋችሁ ያዙ። አባት ወይም ወንድም ከ55፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት የልብ ሕመም ካጋጠማቸው ሳትጠየቁ ንገሯት። ወጥ የሚሠራውንም ሰው አብራችሁ ውሰዱ፤ የዘይቱን ማንኪያ የሚይዘው እሱ ወይም እሷ ናቸው።