የልብ ምቴን በእጅ ሰዓታቸው የቆጠሩት ሲስተር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ወራት ዘግይቻለሁ። መጀመሪያ አቅሙ አልነበረኝም። አቅም ሳገኝ ደግሞ አፈርኩ። "ለመክሳት ብላ ሆዷን አስቀደደች" ሲባል ስሰማ ከርሜያለሁ። አሁን ግን ማፈሩም ሰለቸኝ።

የማመሰግናቸውን ሰው ስም አልጽፍም። "ልጄ፣ ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪኝ" ብለውኛል። እንግዲህ ሲስተር ልበላቸው። በመንግሥት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል 31 ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄዱ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ቱቦ የገባለትን ሰው ይንከባከባሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 124 ኪሎ ነበርኩ። ደም ግፊት አለብኝ፣ ስኳሩም ጀማምሮኝ ነበር። ያልሞከርኩት ነገር የለም። በመጨረሻ ጥቅምት ላይ ኢስታንቡል ሄጄ ስሊቭ የሚሉትን የማክሻ ኦፕራሲዮን ተሠራሁ። ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማውን ቆርጠው ያወጡታል። የሚቀረው ሙዝ የሚያህል ቱቦ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ስቴፕል ይያያዛል። ኦፕራሲዮኑን ራሱን አላማም። አንዷ ጓደኛዬ ተሠርታው የስኳር መድኃኒቷን አቁማለች። የእኔ ቅሬታ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። በ5ኛው ቀን አውሮፕላን ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሜ የዋትሳፕ ቁጥር ሆነ።

ሲስተርን ያገኘኋቸው በጎረቤት በኩል ነው። ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ሆዴ ላይ የሚወጋ መርፌ ነበረኝ፤ እሱን እንዲወጉኝ ብቻ ነው የተነጋገርነው። በ9ኛው ቀን ሲመጡ ሶፋ ላይ ጋደም ብያለሁ። ግራ ትከሻዬን ከማታ ጀምሮ እየወጋኝ ነበር። እማዬ "ብርድ ነው" ብላ ቪክስ አሽታኛለች። ኢስታንቡል ጽፌ "የጋዝ ነው፣ ኖርማል ነው" የሚል መልስ ከአበባ ምስል ጋር ደርሶኛል።

ሲስተር መርፌውን አላወጡም። እጄን ያዙና ቆዳው የተላጠ የእጅ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። እማዬ ቡና ልታቀርብ "ሲስተርዬ፣ እስቲ ቁጭ በሉ" ስትል በሌላው እጃቸው ዝም አሰኟት። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠሩ። በ15 ሰከንድ ቆጥረው በአራት አላባዙም።

"128። ተኝተሽ ነው እንዲህ የሚመታው?"

ትኩሳቴን ለኩ፣ 38.1። "ትከሻሽን መቼ ጀመረሽ?" ማታ አልኳቸው። "ሲሠሩሽ ሆድሽን የነፉበት ጋዝ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነበር የሚያምሽ። እስካሁን መልቀቅ ነበረበት። ተነሽ፣ ልበሽ።" የምን መልበስ ብዬ ልከራከር አልኩ። ነጠላዬን ራሳቸው አነሱልኝ።

ድንገተኛ ክፍል ሲቲ ተነሳሁ። ጨጓራው ከጉሮሮ ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ፣ የላይኛው ስፌት አፍስሷል። ሐኪሞቹ ሊክ ይሉታል። የፈሰሰው ነገር ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራም ሥር መግል ሠርቷል። ትከሻዬን የወጋኝም እሱ ነው፤ የድያፍራሙ ነርቭ ሕመሙን ትከሻ ላይ ነው የሚያሰማው። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ማን ነው የላከሽ?" ብሎ ነው።

ሆስፒታል 24 ቀን ተኛሁ። መግሉን የሚያወጣ ቱቦ በጎኔ ገባ። በአፍንጫዬ ደግሞ ጨጓራውን አልፎ ትንሹ አንጀት የሚደርስ ቀጭን የምግብ ቱቦ ገባ። ስፌቱ እስኪገጥም በአፌ ውሃ እንኳን ክልክል ነበር። ሆስፒታሉን ብዙ አልተርክም። በደንብ አክመውኛል፣ እግዜር ይስጣቸው።

ቱቦዎቹን ይዤ ቤት ገባሁ። የሲስተር ሥራ የጀመረው ያኔ ነው። ባለ 32 ገጽ የተማሪ ደብተር ገዝተው በማስመሪያ አሰመሩት። ቀን፣ የልብ ምት፣ ሙቀት፣ ከጎን የወጣው ፈሳሽ ልክና ቀለሙ። ጠዋት ጠዋት ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አገላብጠው ያዩታል። 60 ሚሊ፣ 45 ሚሊ፣ 40 ሚሊ። አንድ ቀን ወደ 70 ወጣና ቀለሙም ደፈረሰ። ከበር ሳይወጡ ለሐኪሙ ደወሉ። ቱቦው ታጥፎ ኖሮ የተጠራቀመው ነው የወጣው። በማግስቱ 35 ሆነ።

እማዬ በዚህ መሃል አንድ ሐሳብ ነበራት። አጥሚት በሻሽ አጥልላ በአፍንጫዬ ቱቦ ልትልክልኝ! ደግነቱ ቀድማ ተናገረች። ሲስተር ሳቁ። "ቱቦው ከተዘጋ እንደገና ሆስፒታል ገብታ ነው የሚተከልላት፣ እናቴ። ከምግቡ በፊትም በኋላም ንጹህ ውሃ በሲሪንጅ ግፊ። የአንቺ ሥራ እሱ ነው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ሲሪንጇን እንደ ታቦት ነበር የምትይዛት።

ቱቦዎቹ ወጡ። አበቃ አልን። አላበቃም። ጨጓራዬ መሃሉ ላይ ጠቧል፤ የምውጠው ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አስታወክሁ። ሲስተር በዚያን ጊዜ ለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደው ነበር። እኛም "ይለመዳል" እያልን ተቀመጥን። ከዚያ እግሬ ስፖንጅ ላይ የምራመድ ይመስለኝ ጀመር። ቴሌቪዥኑ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ወንድሜን በአጎቴ ስም ጠራሁት አሉ፤ እኔ ትዝ አይለኝም።

በእኛ አገር ሰው ሲደክም ምን ይባላል? "ጉሉኮስ ይሰካላት።" አክስቴ ሰፈር ካለ ክሊኒክ አንድ ልጅ ጠርታ ከረጢቱ መጋረጃው ዘንግ ላይ ተሰቅሏል። ልጁ ክንዴን አስሮ ደም ሥር እየፈለገ ነው። እማዬ ሲስተር መምጣታቸውን ልትጠይቅ ደወለች። እንደ አጋጣሚ መንገድ ላይ ነበሩ። የሆነውን ስትነግራቸው ስልኩን ላውድ እንድታደርገው አዘዙ።

"የኔ ልጅ፣ እንዳትነካት። ከረጢቱን አውርደው።"

ደርሰው ጣታቸውን ፊቴ ላይ ግራ ቀኝ እያንቀሳቀሱ በዓይኔ እንድከተል ነገሩኝ። ዓይኔ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ቢ ዋን አልቆባታል" አሉ። ነፍሰ ጡር ሆነው ትውከት በጠናባቸው ሴቶችና በመጠጥ በተጎዱ ሰዎች ላይ አይተውት ያውቃሉ። በኋላ ሐኪሙም እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ሰውነት ስኳርን ወደ ጉልበት የሚለውጠው በቫይታሚን ቢ ዋን ነው፤ ያለን ክምችት ደግሞ የሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ባዶ በሆነ ሰው ላይ ጉሉኮስ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቢ ዋን ይጨርሳትና አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ ቢ ዋኑ መቅደም አለበት። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ተወስጄ ቢ ዋን በደም ሥር ተሰጠኝ። ዓይኔ በቀናት ውስጥ ተመለሰ። እግሬ ወራት ወሰደ። ዛሬም የግራ እግሬ ጣቶች እንደደነዘዙ ናቸው። የጠበበውን የጨጓራዬን ቦታ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው ባለ ካሜራ ቱቦ፣ ትንሽ ፊኛ አስገብተው ሁለት ጊዜ አሰፉልኝ።

ክሊኒኩ ልጅ ላይ አልፈርድም። ማንም እንደሱ ያደርግ ነበር።

ሌላም ሌላም አለ። ሲስተር መድኃኒት ሳጥኔን ከፍተው ለወገብ የምውጠውን ዳይክሎፍናክ ወስደዋል፤ እንዲህ ያለችውን ጨጓራ ያቆስላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ "መጀመሪያ ንስሐ አባትሽን አማክሪ" አሉኝ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ታዝዞልኛል። ሦስት ማንኪያ ሽሮ ከበላሁ በምትሞላ ጨጓራ ከየት ይመጣል? ንስሐ አባቴ ነገሩን ሰምተው ፈቀዱልኝ። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ዕድሜ ልኬን እንደምወስድ ከሲስተር ነው የሰማሁት። ኢስታንቡል ነግረውኝም ከሆነ ከወረቀቱ ክምር ውስጥ አልታየኝም።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይኸው። ኦፕራሲዮን ተሠርቶ ቤት የተመለሰ ሰው ካላችሁ፣ ውጭ አገር የተሠራ ከሆነ ደግሞ በተለይ፣ ሲስተር ጋ ደውሉ። ባሕርያቸውንም ልንገራችሁ። ይቆጣሉ። መድኃኒት ያስተጓጎለ ሰው አያልፉም፤ እኔም ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ። ጠያቂ ከበዛ ያስወጣሉ፤ አክስቴ እስካሁን አኩርፋለች። ከሐኪም በላይ አይሆኑም፣ ያለ ትእዛዝም መድኃኒት አይጀምሩም። ክፍያቸው በየመጡበት ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ እስከ መጨረሻው አልጨመሩብኝም። ለቅሶ የሄዱበትን ሳምንታት ላስብላቸው ስል "ያልሠራሁበትን?" ብለው ገላመጡኝ።

ዛሬ 86 ኪሎ ነኝ። ሰው ሁሉ "እንዴት አማረብሽ" ይለኛል። ሲስተር ባለፈው ሳምንት ሊጠይቁኝ መጥተው ስለ ኪሎው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቁጭ ከማለታቸው እጄን ያዙና ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። 74።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። በወሩ 12ኛ ቀን ጠዋት ግን አትደውሉላቸው። ሚካኤል ናቸው፣ ስልካቸው ይዘጋል።