ለአተር ገበሬዎች ማስጠንቀቂያ፦ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ የአረም መድኃኒት አትግዙ

ይህን የምጽፈው በጅማ ዙሪያ፣ በተለይም በዴዶ ደጋ አተርና ባቄላ ለምትዘሩ፣ የአረም መድኃኒት ፍለጋም ወደ ከተማ ለምትወርዱ ወገኖቼ ነው። በዚህ ክረምት በጅማ ከተማ ከሚገኝ አንድ የግብርና ግብዓት መሸጫ ሱቅ የገዛሁት መድኃኒት ሁለት ጥማድ የአተር ማሳዬን በሦስት ሳምንት ውስጥ አጥፍቶብኛል። አቤቱታዬ ገና እየታየ ስለሆነ የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው አሻሻጥ በአንድ ሱቅ ብቻ የሚገኝ ስላልሆነ፣ የደረሰብኝን በዝርዝር ማስረዳቱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አተሩን የዘራሁት በሰኔ መጨረሻ ሲሆን፣ ሐምሌ ሲገባደድ ስናርና ሙጃ አፍነውት ነበር። በእጅ ለማሳረም የቀን ሠራተኛ ዋጋ ስለከበደኝ፣ አተሩን ሳይነካ ሣር ነክ አረሙን ብቻ የሚያጠፋ መድኃኒት ለመግዛት ሄድኩ። እንዲህ ያለ መድኃኒት በእርግጥ አለ፤ ፍሉአዚፎፕና ክሌቶዲም የተባሉት ንጥረ ነገሮች ለዚሁ ሥራ የሚውሉ ናቸው። ሻጩ ወጣት ወደ ጓዳ ገብቶ ከትልቅ ጀሪካን ግማሽ ሊትር ያህል በሃይላንድ ቀድቶ አመጣልኝና፣ «ጋሼ፣ አይስጉ፤ ይኼ ሣሩን ብቻ ነው የሚያደርቀው፣ አተሩን አይነካውም» አለኝ። የታሸገው እንዳለቀና ይህም ያው መድኃኒት እንደሆነ፣ ዋጋውም እንደሚቀንስ ሲነግረኝ አምኜው ከፈልኩ። ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ረጨሁ። በነጋታው ወደ ማሳው ስሄድ ቀጥ ብሎ የነበረው የአተር ጫፍ ሁሉ እንደ ቀለበት ተቆልምሞ፣ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ የቅጠሉ ዘንግ ወደ መሬት ተጣምሞ አገኘሁት። ሳምንት ሲሞላው አገዳው ከሥር በኩል አብጦ ይሰነጠቅ ጀመር፤ በስንጥቁ ውስጥ ነጣ ያለ እባጭ ይታያል፣ በሁለት ጣት ጎንበስ ሲያደርጉትም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንዲጠፋ የተፈለገው ስናር ግን አንድ ቅጠል ሳይጠወልግ ከአተሩ በላይ ረዝሞ ይወዛወዝ ነበር። ከስናሩ መካከል ያለው መጭ የተባለው ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም ደግሞ ልክ እንደ አተሩ ተጣምሞ ወድቋል።

ሱቁ ሄጄ ስነግራቸው «ዝናብ በዝቶበት ነው፤ በሽታም ሊሆን ይችላል» አሉኝ። በእርከኑ ጥግ ግን መርጫው ባዶ ስለሆነብኝ ሳልረጨው የቀረ አንድ ቀጭን መስመር ነበር፤ በዚያ መስመር ላይ ያለው አተር ያንኑ ዝናብ እየጠጣ፣ በዚያው አፈር ላይ አብቦ ቆሟል። የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ከተመለከተ በኋላ፣ ጉዳቱ ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም መድኃኒት በአተር ላይ ከሚያደርሰው ጋር በሁሉም ነገር እንደሚገጥም አስረዳኝ። በላቦራቶሪ አላስመረመርኩትም፤ የተጣመመውን መጭና ጤነኛውን ስናር ጎን ለጎን ላየ ሰው ግን ብዙ የሚያከራክር አይደለም።

ቱ ፎር ዲ በስንዴ፣ በገብስ፣ በጤፍና በበቆሎ ውስጥ የሚበቅሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ለማጥፋት ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረ መድኃኒት ነው። የሚሠራውም የተክልን የዕድገት ሆርሞን አስመስሎ ነው፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል ሲነካው አለቅጥ ለማደግ ይገደድና ተጣምሞ፣ አብጦና ተሰንጥቆ ይሞታል፣ ሣርና የብርዕ ሰብሎች ግን ይቋቋሙታል። አተርና ባቄላ ሰፋፊ ቅጠል ካላቸው ወገን በመሆናቸው፣ ይህን መድኃኒት አተር ላይ መርጨት አተሩን እንደ አረም ቆጥሮ ማጥፋት ማለት ነው። የተሸጠልኝ ከጠየቅሁት ፍጹም ተቃራኒ የሆነው መድኃኒት ነበር። ጀሪካን ሁሉ ጓዳ ውስጥ ያለ መለያ ሲደረደር ሻጩ ራሱ ሊሳሳት ይችላል፤ ስህተቱ የሚወድቀው ግን በገዢው ላይ ነው።

ጉዳቱን ከበሽታ መለየት የሚቻለው በአመጣጡ ነው። በሽታ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይዛመታል፣ የሥር መበስበስም ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ይጀምርና ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ያደርጋል፤ የመድኃኒት ጉዳት ግን በአንድ ጊዜ፣ ረጪው በተራመደበት መስመር ልክ ይወጣል። ክሽክሽም ጫፍን ስለሚያጨማድድ ቅጠሉን ገልብጦ ተባዩ መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ጣጣው የመጣው ተክል ሳይመርጥ በሚያጠፋው በግላይፎሴት ከሆነ ደግሞ መጣመሙ ጎልቶ አይታይም፤ ለጋው ጫፍ በቀናት ውስጥ ይገረጣል፣ ቀጥሎም ሣሩም አተሩም አብረው ይደርቃሉ።

ትክክለኛ መድኃኒት የገዛ ሰውም ቢሆን በመርጫው ሊጎዳ ይችላል። ገብስ ላይ ቱ ፎር ዲ የተረጨበት መርጫ በውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ወደ አተር ከገባ፣ በቱቦውና በአፈሙዙ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነገር ብቻውን አተርን ያጣምማል። ስለዚህ በተዋሳችሁት መርጫ ከመርጨታችሁ በፊት በሳሙና ውሃ፣ ውሃውን በቱቦው ጭምር እያስወጣችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እጠቡት።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የአረም መድኃኒትም በዚህ አዋጅ ይሸፈናል። መድኃኒቱ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ መለያውም በዕቃው ላይ ሊኖር ይገባል። ወደ ሃይላንድ ሲገለበጥ የንጥረ ነገሩ ስም፣ የሚረጭበት ሰብል፣ መጠኑና የአገልግሎት ጊዜው አብረው ይጠፋሉ። ከዚያም በላይ ልጆች ውሃ የሚጠጡበት ዕቃ ነው፤ እኔ ራሴ ያንን ጠርሙስ አንድ ሌሊት ሙሉ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬው ማደሬን ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል።

እንግዲህ ከፋብሪካ እንደታሸገ ያልሆነውን፣ በመለያው ላይም አተር በስሙ ያልተጠቀሰበትን መድኃኒት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትቀበሉ። የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ደረሰኝ ጠይቁ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ጥላችሁ ውጡ። ከገዛችሁም በኋላ ከማሳው ጥግ ጥቂት እርምጃ ብቻ ረጭታችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ፤ እኔ ይህን ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ የማጣው ሁለት ጥማድ ሳይሆን አንድ መደብ ነበር።

ጉዳት የደረሰባችሁ ካላችሁ ማሳውን ወዲያው አትገልብጡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታየው መልክ ሲደርቅ ስለሚጠፋ፣ የተረጨውንና ያልተረጨውን ጎን ለጎን ፎቶ አንሡ፣ የልማት ሠራተኛውን ጥሩና ያየውን በጽሑፍ አስፍሩ፣ ከዚያም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አመልክቱ። ምን እንደተረጨበት በእርግጠኝነት ካልታወቀ ማሳ እሸት አትቅጠፉ፣ ለገበያም አታውጡ፣ ድርቆሹንም ለከብት አትስጡ። እኔ የተረፈውን ሁሉ ትቼዋለሁ።

ከሐምሌ ወዲህ «ለአተር ይሆናል» ተብሎ በሃይላንድ የተቀዳ መድኃኒት የገዛችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ከቤት አውጥታችሁ ልጅ በማይደርስበት ቆልፉበት፤ አትርጩት፣ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ምንጭ አትድፉት። ጠርሙሱን እንዳለ ይዛችሁ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የእኔም ቀሪው መድኃኒት ከነሃይላንዱ ለማስረጃነት እዚያው ተቀምጧል።