ግራንድስትሪም ኤችቲ802 ከጅማ መብራት ጋር ይስማማል?

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር፤ የቸኮለ ሰው እዚሁ ጋ ያቁም። ኤችቲ802 ለቤት ስልክ የሚሆን ጥሩ ዕቃ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ሲገጠም አያደክምም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚፈልገው ኃይል ትንሽ ስለሆነ መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ ይቀጥላል። ጅማ ለሚኖር ሰው ይሄ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። ግን አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን በደንብ አስፈትሹ።

ለማያውቀው፣ ይሄ የድሮውን የጠረጴዛ ስልክ ከራውተር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን፣ አዳፕተር የሚሉት፣ ነው። በአንድ በኩል የኔትወርክ ገመድ ይገባበታል፣ በሌላ በኩል ቀጭኗ የስልክ ገመድ። ድምፁን ወደ ዳታ፣ ዳታውን መልሶ ወደ ድምፅ ይለውጣል። ስልኩ እንዲያቃጭል የሚያደርገውን ኃይልም የሚሰጠው እሱ ነው።

እኛ ግቢ ረዘም ያለ ነው። እማዬ ዋናው ቤት፣ እኛ ከኋላ ሰርቪሱ ላይ፣ ዘበኛችን ጋሼ ደግሞ በሩ ጋ ባለችው ቆርቆሮ ቤት። እማዬ ስማርት ስልክ አትወድም፤ «ስነካው ይጠፋል፣ ሳልነካው ይደውላል» ነው የምትለው። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ይማራል። ራስበሪ ፓይ የምትባለዋን ትንሽ ኮምፒውተር አምጥቶ አስተሪስክ የተባለውን ነፃ የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም ጫነባትና ግቢውን በሙሉ አገናኘው። እማዬ 101፣ በሩ 102፣ እኛ ደግሞ በሞባይላችን ላይ በዋይፋይ ከ103 ጀምሮ። ሁለቱ የጠረጴዛ ስልኮች የሚገቡት በአዳፕተሩ በኩል ነው። እርስ በርስ ስንደዋወል ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ግድ የለንም፤ ራውተሩ እስከበራ ድረስ ይሠራል፣ ብርም አይቆጥርም።

ልብ በሉ፣ ይሄ የግቢ ውስጥ ስልክ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ ለሰው እያሻገሩ ገንዘብ መሰብሰብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያስቀጣል። ዕቃውን ስትጠይቁ ባለሱቁ «ለምን ፈለጋችሁት?» ካለ አትቀየሙት፣ ልክ ነው።

አሁን ከኤችቲ802 በፊት ወደነበረን፣ ወደ ሞተው አዳፕተር እንምጣ። የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም፤ ብዙ ዓመት አገልግሏል፣ አፈር ይቅለለው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ነጎድጓዱንም። አንድ ማታ ሰማዩ እየጮኸ መብራት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ፣ በመጨረሻ ሲመጣ ኃይሉን ጨምሮ አምፖሎቹ ሁሉ ነጭ ሆኑ። ጠዋት አዳፕተሩ ላይ አንድም መብራት የለም። እማዬ እጀታውን አንስታ ታዳምጣለች፣ ምንም። «ዝም አለኝ እኮ» አለችኝ፣ ስልኩ የተቀየማት ይመስል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሳጥኑን ወርውሮ ሌላ የሚገዛው። እኔ ሄርማታ መርካቶ በኩል ካለ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ይዤው ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ የተፈታ ቴሌቪዥን፣ ውስጥ የተፈታ ሬዲዮ፣ እሱ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጦ። ሳጥኑን ገና አልነካውም፤ ቻርጀሩን ሰክቶ ጫፉን በቴስተር ለካው። አምስት ቮልት መስጠት ሲገባው ሁለት እንኳን አይሞላም። ቻርጀሩን ሲከፍተው ውስጡ ያለችው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ክፍል) አናቷ አብጦ፣ ከሥሯ ቡናማ ፈሳሽ ወጥቶ ሰሌዳው ላይ ደርቋል። ቀየራት። አምስት ቮልት መጣ። ሳጥኑ በራ!

ደስታዬ ግን አልቆየም። ስልክ አምጥቶ አንደኛው መስመር ላይ ሲሰካ ያ የለመድነው «ዱ…» የሚለው ድምፅ አለ፤ ሁለተኛው ላይ ሲሰካ ጭር። ሁለተኛው የበሩ መስመር ነው። ገመዱ ከቤት ተነስቶ ግቢውን በአየር አቋርጦ የሚሄድ ነው። መብረቅ ቅርብ ሲወድቅ እንዲህ ያለ በአየር የተዘረጋ ረጅም ገመድ ኃይሉን ይሰበስብና ሳጥኑ ውስጥ ይዘረግፈዋል። ስለዚህ ቻርጀሩን የገደለው የመብራቱ መስመር ነው፣ የሳጥኑን ግማሽ የገደለው ደግሞ የስልኩ ገመድ። ጠጋኙ ሰሌዳውን አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ይሄን እሠራለሁ ብልሽ ብርሽን መብላት ነው» አለኝ። የተቀበለኝ የካፓሲተሯን ብቻ ነው። ጠጋኙን የማመሰግነው ለዚህ ነው፤ እንዲህ የሚል ባለሙያ በስንት ጊዜ አንዴ ይገኛል?

ቤት የምትሞክሩ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይሄው ነው። መጀመሪያ ቻርጀሩ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ መስመር በደህና ስልክ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሳጥኑ የሚወገዘው። ሌላ ቻርጀር ስትሞክሩ ጫፉ ገባ ብላችሁ ብቻ አትስኩ፤ ቮልቱ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። የራውተር ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ የአምስት ቮልት ሳጥን ላይ ከተሰካ ደህናውንም ይዞት ይሄዳል።

ምትክ ፍለጋው ላይ ትንሽ ተንገላትቻለሁ። አንድ ሱቅ፣ ስሙ ይቅር፣ ያገለገለ አዳፕተር አውጥቶ «ከአሜሪካ የመጣ ኦሪጅናል ነው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ» አለኝ። ዓይኔን ገልጬ አየሁት። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ እዚያ አገር ያለ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅት ለደንበኞቹ የሚያድላቸው ናቸው፤ በዚያ ድርጅት ሰርቨር ላይ ብቻ እንዲሠሩ ተቆልፈዋል። መብራታቸው ይበራል፣ አዲስ ይመስላሉ፣ የናንተን ቁጥር ልታስገቡ ስትሉ ግን የይለፍ ቃሉን ማንም አያውቀውም። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ራውተር ላይ አስሰኩና የማስተካከያ ገጹን ከፍታችሁ ግቡ። ባለሱቁ «ቤትሽ ሄደሽ ሞክሪው» ካለ ደህና ዋሉ በሉት።

በመጨረሻ ያው ጠጋኙ ነው አዲስ አበባ ላለ ወዳጁ ደውሎ ኤችቲ802ን በአውቶቡስ ያስመጣልኝ። ካርቶኑን ፊቴ ከፈተው፣ ሰክቶ አሳየኝ፣ ከዚያ ብሩን ተቀበለ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ከሆነ ጀምሮ፣ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አንባቢ አይጠቅመውም። ደውላችሁ ጠይቁ።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። የኔትወርኩን ገመድ ከራውተሩ፣ ስልኩን አንደኛው መስመር ላይ፣ ከዚያ ኃይሉን። እጀታውን አንሱና ኮከቧን ሦስት ጊዜ ተጫኑ፤ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ታናግራችኋለች። 02 ስትሉ የሳጥኑን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚገኝበትን ቁጥር፣ ታነባለች። እሱን ኮምፒውተር ላይ ብሮውዘር ውስጥ ጻፉት፣ ገጹ ይከፈታል። የመግቢያ ስሙ አድሚን ነው። የይለፍ ቃሉ በቀድሞዎቹ ላይ ያው አድሚን ነበር፤ አዲሶቹ ላይ ግን ለየሳጥኑ የተለያየ ነው፣ ታች ያለው ወረቀት ላይ ታትሟል፣ ስለዚህ ወረቀቱን እንዳትልጡት። ከዚያ የሚሞላው የማዞሪያው አድራሻ፣ የመስመሩ ቁጥርና የይለፍ ቃል ነው። የእህቴ ልጅ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ጨረሰው።

አሮጌ ስልክ ያላችሁ አንድ ነገር እዩልኝ። ከጎኑ ወይም ከሥሩ ፒ እና ቲ የተጻፈባት ትንሽ መቀየሪያ ካለች ቲ ላይ መሆን አለባት። ፒ ላይ ከሆነች ኮከቧን ብትጫኗት ሴትዮዋ አትነሳም፣ ዕቃው የተበላሸ ይመስላችኋል።

ሌላው፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ለማዞሪያዋ ኮምፒውተር ሌላ አይፒ ሊሰጣት ይችላል። ያኔ አዳፕተሩ በድሮ አድራሻዋ ሲፈልጋት ይውላል። ራውተሩ ላይ ገብታችሁ አድራሻዋን ቋሚ አድርጉት፣ ከዚያ ይገላግላችኋል።

ስለ መብራት ካነሳን አይቀር። የድሮው የቴሌ መዳብ መስመር ኃይሉን፣ ወደ 48 ቮልት ገደማ፣ ከማዞሪያ ጣቢያው ይዞ ነበር የሚመጣው። ሰፈሩ ጨልሞ ስልክ የሚሠራው ለዚያ ነው። የኢንተርኔት ስልክ ያንን ጸጋ የለውም። ሳጥኑም ራውተሩም ማዞሪያዋም ኃይል ይፈልጋሉ፤ አንዱ ከጠፋ ሁሉም ዝም። ኤችቲ802 ውስጡ ባትሪ የለውም። የሚያድነው ቻርጀሩ አምስት ቮልት፣ አንድ አምፔር፣ ጫፉም የድሮ አንድሮይድ ስልክ ዓይነት ማይክሮ ዩኤስቢ መሆኑ ነው። 10,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት የሆነ ደህና ፓወር ባንክ ሙሉ ኃይሉን ቢስብ እንኳን ስድስት ሰዓት ገደማ ያቆየዋል፤ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉውን አይስብም። የሚሳበው ትንሽ ሲሆን በራሳቸው የሚጠፉ ፓወር ባንኮች ስላሉ ግን ቀድማችሁ ሞክሩት። ለራውተሩ ባለ 12 ቮልቷን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የምታቆይ) ገዝተናል። አሁን ማታ መብራት ሲሄድ እማዬ የምትደውለው ለኔ ነው፦ «ሻማው የት ነው?»

ድምፁ? የእማዬን ማዛጋት ሳይቀር እሰማለሁ። ጂ711 በሚባለው አሠራር አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ከመቶ ኪሎቢት በታች ነው የሚወስደው፤ ለቤት ኔትወርክ ምንም አይደለም።

የማልወድለት ነገር ቁጥር ጨርሳችሁ ስትጫኑ አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው የሚደውለው፤ ሌላ ቁጥር ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። እማዬ ያኔ እጀታውን ትዘጋዋለች፣ ደግማ ትደውላለች፣ ደግማ ትዘጋዋለች። ቁጥሩን ጨርሶ መሰላሏን (#) መጫን ነው፣ ወዲያው ይሄዳል። ወይም ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ሰከንዱን መቀነስ ይቻላል፤ እኛ ቀነስነው። የኔትወርክ መግቢያውም አንድ ብቻ ነው፣ ከሱ ወደ ኮምፒውተር አይሻገርም።

የበሩን ገመድ አሁን ከአየር ላይ አውርደን በፕላስቲክ ቱቦ ቀብረነዋል። ድንገተኛ ኃይል የሚከላከል የስልክ መስመር ሰርጅ ፕሮቴክተርም ገብቶለታል። እዚህ ላይ ኤሌክትሪሺያኑን አፋጥጡት፤ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) ያልተሰጠው ፕሮቴክተር ጌጥ ነው። ዲቫይደራችሁ ሦስተኛ እግር ስላለው ብቻ ኧርዝ አለ ማለት አይደለም፣ አስለኩት። ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ጋሼ የበሩን ስልክ ከግድግዳው ይነቅላል፣ እኛ ሳጥኑ ጋ ያለውን ጫፍ። እስከዚያ በሩ ላይ ሰው ከመጣ እንደ ድሮው ይጮኻል።

ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ያላችሁ አንድ የጠረጴዛ ስልክ ብቻ ከሆነ ኤችቲ801 ይበቃችኋል፣ ባለ አንድ መስመር ነው፣ ሌላው ያው ነው። ለእንግዳ ማረፊያ ወይም ለትንሽ ቢሮ አራት መስመር ያለው ኤችቲ814 አለ። እሱ ግን በአምስት ቮልት የሚሠራ አይደለም፣ ስለዚህ የፓወር ባንኩን ነገር እርሱትና ዩፒኤሱን አብራችሁ አስቡበት።