ለጎንደር ቤት የትኛው ውሻ፦ ጀርመን ሼፐርድ ወይስ ቺዋዋ?

አዘዞ በኩል ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ጀርመን ሼፐርድ ቢመኝ አይፈረድበትም። ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ትእዛዝ ቶሎ ይገባዋል። ጣጣው ቀለቡ ላይ ነው። በሁዳዴ ከቤት አጥንትም ቅንጥብጣቢም ይጠፋል፤ ሽሮ ፈትፍቶ መስጠት ደግሞ አያዋጣም፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነውና። ስለዚህ ሥጋው ለብቻው ይገዛለታል፣ ጎረቤት ምንም ቢል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ከዋለ ይከፋል፤ ጠዋትና ማታ ማንሸራሸር ግድ ነው።

ቺዋዋ 3 ኪሎ ቢሞላ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ይበቃዋል። የጎንደር የክረምት ብርድ ግን አይችለውም፣ ከቤት ውጭ ማደር የለበትም። አጥንቱም ስስ ነው፤ ሕፃን ከሶፋ ቢጥለው እግሩ ይሰበራል። ድክ ድክ የሚል ልጅ ላለበት ቤት አልመክረውም። ሌባ ሲመጣ? ይጮሃል፣ አያስቆምም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሁለቱም ያስፈልጋል፣ ከቤት ለማይወጣው ጭምር።