ጣሊያን፣ ቶስካና ገጠር ቪላ ልትከራዩ ነው? ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

«ኪያንቲ ኮረብታ ላይ የድንጋይ ቪላ፣ መዋኛ ገንዳ ያለው፣ 8 ሰው የሚይዝ፣ ሳምንቱ 600 ዩሮ ብቻ!» በጁላይና በኦገስት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ካያችሁ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ቤቱ የለም፣ ወይ የተጻፈው ሒሳብ ግማሹ ነው።

ቤቱ የሌለበትን እናስቀድም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ጣሊያን ውስጥ ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ሁሉ «ቺን» (CIN) የሚባል ብሔራዊ መለያ ኮድ ሊኖረው ግድ ነው፤ ኮዱ ማስታወቂያው ላይም ሕንጻው ላይም መታየት አለበት። አይ እና ቲ በሚሉት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ቀጥለው የሚመጡት 3 አሃዞች የአውራጃው ቁጥር ናቸው፦ ፍሎረንስ 048፣ አሬዞ 051፣ ሲየና 052፣ ግሮሴቶ 053። ስለዚህ «ቤቱ ሞንታልቺኖ ነው» ተብላችሁ ከሁለቱ ፊደላት ቀጥሎ 048 ካያችሁ ሰውየው ዋሽቷል፤ ሞንታልቺኖ ያለው ሲየና ውስጥ ነው። ኮዱ ትክክል ቢመስልም ወዲያው አትመኑ፤ አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ቤት ኮድና ፎቶ ገልብጠው ይለጥፋሉ። ኮዱንም ፎቶውንም ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ያው ቤት በሌላ ስምና በሦስት እጥፍ ዋጋ ከወጣ፣ እናንተን የሚያነጋግረው ሰው ባለቤቱ አይደለም።

ሁለተኛው ምልክት አከፋፈሉ ነው። መጀመሪያ የተዋወቃችሁበትን የኪራይ ድረ ገጽ ትታችሁ «ቅናሽ አደርግላችኋለሁ፣ በቀጥታ ወደ ባንክ ላኩልኝ» ካለ እዚያው ላይ አቁሙ። ቤቱ ጣሊያን ሆኖ የሒሳብ ቁጥሩ የሌላ አገር ከሆነማ ምክንያቱን ሳትሰሙ ሳንቲም አትላኩ። በዩሮ አገሮች ባንኮች ከኦክቶበር 9 ቀን 2025 ጀምሮ የተቀባዩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ መግጠማቸውን ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት ያሳያሉ። «አልገጠመም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ አልፎ መላክ ገንዘብ መጣል ነው፤ ፈጣን ዝውውር አንዴ ከሄደ ማስመለሱ እጅግ ከባድ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ቤት። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ውሉ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። «ፑሊዚያ ፊናሌ» የመጨረሻ ጽዳት ሲሆን ለብቻው ይከፈላል። አንሶላና ፎጣ በሰው ሊታሰብ ይችላል። «ካውዚዮኔ» ማስያዣ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ከሰጣችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። የማደሪያ ግብር በሰው በሌሊት ይቆጠራል፣ መጠኑ እንደየማዘጋጃ ቤቱ ይለያያል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ማሞቂያ ነው። ገጠር ውስጥ ብዙ ቤት የሚሞቀው ግቢ ውስጥ ባለ ታንከር በሚሞላ ፈሳሽ ጋዝ ነው፣ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ኤፕሪል ወይም ኦክቶበር ላይ «ርካሽ ነው» ብላችሁ ገብታችሁ ውሉ «እንደ ፍጆታው» የሚል ከሆነ፣ ስትወጡ የሚመጣው ሒሳብ ከኪራዩ ጋር ሊፎካከር ይችላል። ስትገቡ የጋዙንና የመብራቱን ቆጣሪ ፎቶ አንሱ። በነዚያ ወራት መዋኛ ገንዳው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ክፍት ቢሆንም ውኃው አይሞቅም። ብዙ ቤት የሚገባለት ኃይልም 3 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያና አየር ማቀዝቀዣ አንድ ላይ ከተከፈቱ ቆጣሪው መብራቱን ይቆርጣል።

«ከሳን ጂሚኛኖ 10 ደቂቃ» የሚለው በመኪና ነው። ሳን ጂሚኛኖ ራሷ ባቡር ጣቢያ የላትም፣ ቅርቡ ፖጂቦንሲ ነው። ስለዚህ የመኪና ኪራዩን ከቤቱ ዋጋ ጋር ደምሩት። መኪና አከራዮቹ በአብዛኛው በአሽከርካሪው ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ይጠይቃሉ፤ መንጃ ፈቃዳችሁ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነ ዓለም አቀፍ ፈቃድም ያዙ። ወደ ቪላው የሚወስደው የመጨረሻው መንገድ ብዙ ጊዜ ጠጠር ነው፣ መደበኛው ኢንሹራንስ ደግሞ ጎማን፣ መስታወትንና የመኪናውን ሆድ ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።

ፍሎረንስ፣ ሲየና፣ ሉካና ፒሳ መሐል ከተማ ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል አለ። ምልክቱ ዙሪያው ቀይ የሆነ ነጭ ክብ ነው። መግቢያው ላይ «ቫርኮ አቲቮ» («መግቢያው ሥራ ላይ ነው») ከበራ ካሜራው እየሠራ ነው፣ አትግቡ፤ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ደጋግማችሁ ከገባችሁ ከአንድ በላይ ቅጣት ሊደርሳችሁ ይችላል። መኪና አከራዩ ስማችሁን ለፖሊስ ስለሰጠ ብቻ ከካርዳችሁ ገንዘብ ይቆርጣል፤ ይህ ቅጣቱ አይደለም፣ ቅጣቱ ገና ነው። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው የቅጣት ወረቀቱን ለመላክ ሕጉ ለፖሊስ 360 ቀን ይሰጣል። በደረሳችሁ በ5 ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ 30 በመቶ ይቀነሳል።

ከአዲስ አበባ ወይም ከገልፍ አገሮች ለሸንገን ቪዛ የምታመለክቱ፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቦታ ብቻ ያዙ። «ቪዛ ከተከለከላችሁ እመልሳለሁ» የሚል የስልክ ቃል አይበቃም፤ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ገንዘቡን ቀድሞ የላከ ሰው ዛሬውኑ ለባንኩ ደውሎ ገንዘቡን እንዲያስመልስለት ይጠይቅ። ማስታወቂያው ከመጥፋቱ በፊት ከነመልእክቶቹ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ። ጣሊያን ውስጥ አቤቱታውን የሚቀበሉት ካራቢኔሪ የሚባሉት ፖሊሶች ወይም የኢንተርኔት ወንጀል የሚከታተለው ፖሊዚያ ፖስታሌ ናቸው፤ ባንኩም ብዙ ጊዜ የአቤቱታውን ቅጂ ይጠይቃል።