ይህቺን ስፖት ሜትር አልሸጣትም

የፔንታክስ ዲጂታል ስፖት ሜትር ናት፤ ከሩቅ የአንድን ትንሽ ቦታ ብርሃን ለብቻው የምትለካ መሣሪያ። ሁለተኛ እጅ ነው የገዛኋት። ከወራት አገልግሎት በኋላም ስለ መልኳና ስለ ክብደቷ ብዙ የምለው የለኝም። በዓይን ታነጣጥራለህ፣ ትጫናለህ፣ ቁጥር ትነግርሃለች። ያስደነቀችኝ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ነጠላ የለበሰ ሰው ፀሐይ ላይ ሳነሳ።

በጥቁርና ነጭ ፊልም የሠራ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የጥር ፀሐይ ነጠላው ላይ ሲያርፍ ዓይን ያጭበረብራል። ፊቱ ደግሞ በነጠላው ጥላ ተከልሏል። የካሜራው መለኪያ ሁለቱን ደባልቆ አማካይ ይሰጣል። ነጩ ሰፊ ቦታ ከያዘ ብርሃኑን ይቀንስና ፊቱ ይጠቁራል። ጥለቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ሰውየው የለም።

ስፖት ሜትሯ የምትለካው የ1 ዲግሪ ጠባብ ማዕዘን ብቻ ነው። ሰውየውን ሳልረብሸው፣ ከቆምኩበት ሆኜ ጥላውን ለብቻ፣ ነጠላውን ለብቻ እለካለሁ። በሜትሯ የብርሃን ቁጥር አንገቱ ሥር ያለው ጥላ 11 ሲል ፀሐይ የመታው ነጠላ 17 ይላል። የስድስት ስቶፕ ልዩነት ነው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ሲሆን ነው)! ሜትር የለካውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ከጥቁር (0) እስከ ነጭ (10) ባለው የድምቀት መሰላል ዞን 5 ያደርገዋል። እኔ ግን ጥላውን ዞን 3 ላይ ነው የምፈልገው፤ ስለዚህ ሁለት ስቶፕ እቀንሳለሁ። ያኔ ነጠላው ዞን 9 ላይ ይወድቃል። እዚያ ፈትሉ አይታይም።

ቀሪው ሥራ ፊልሙ ሲታጠብ ነው። ኤችፒ5 ፕላስ የተባለው ፊልሜ ባልተበረዘ አይዲ-11 (የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል)፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 7 ደቂቃ ተኩል ይታጠባል። እኔ 6 ደቂቃ አካባቢ ላይ አቆመዋለሁ። ጥላው ላይ ብርሃን የነካው ብር ጥቂት ስለሆነ ሥራውን ቶሎ ይጨርሳል። ደማቁ ግን ጊዜ ባገኘ ቁጥር ኔጋቲቩ ላይ መወፈሩን ይቀጥላል። ደቂቃው ሲያጥር ነጠላው ወደ ዞን 8 ይወርዳል፤ ጥላው እምብዛም አይነቃነቅም። ጥላው ኔጋቲቩ ላይ ትንሽ መቅጠኑ ስለማይቀር ፊልሙን በአይኤስኦ (ፊልም ለብርሃን ባለው ስሜት መለኪያ) 400 ፈንታ በ250 እለካዋለሁ።

ይህን የዞን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ የቀመሩት አሜሪካውያኑ አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «ቆዳ ዞን 6 ላይ» የሚለው ልማድ ግን ለነጭ ፊት ነው። ጠይም ፊት ዞን 4 ወይም 5 ላይ ነው የሚያምረው። እባካችሁ ሰዎቻችንን በግድ አታንጧቸው።

አንዳንዱ ሰው «ስልክህ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫን፣ ለምን ገንዘብህን ታባክናለህ?» ማለቱ አይቀርም። ወንድሜ፣ ስልኬ ከዚያ ርቀት ጉንጭን ከነጠላ አይለይልኝም። ከካሜራዬ በላይ አውጥቼባታለሁ፤ ደግሜም አወጣለሁ።

ባለ 6 ቮልት ባትሪዋ ሰፈር ሱቅ ውስጥ አይገኝም፤ ትርፍ መያዝ ግድ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ ሰውም ጥቅሉ በሙሉ አብሮ ስለሚታጠብ፣ አንዱን ጥቅል ለአንድ ዓይነት ብርሃን ይመድብ።

ስትገዙ ከምታምኑት ሌላ ሜትር ጋር፣ አንዴ ፀሐይ አንዴ ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ላይ አስተያዩዋት። በሁለቱም እኩል ከሳተች በአይኤስኦው ታስተካክሉታላችሁ። አንዱ ላይ ልክ ሆና ሌላው ላይ ከሳተች ግን ለባለቤቱ መልሱለት።